ቲቸር ሕዝቅያስና ሠላሳ ስምንቱ ግሦቻቸው

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር በዚህ አገር የለም። ጡረታ የሚወጣው ደመወዙ ነው እንጂ ሰውየው አይወጣም። የሒሳብ መምህር ስልሳ ሲሞላው ጠመኔውን አራግፎ ንብ ማነብ ይጀምራል፤ የታሪክ መምህር የእድር ሊቀመንበር ይሆናል፤ የስፖርት መምህር ቦርጭ አውጥቶ ጋዜጣ ያነባል። የእንግሊዝኛ መምህር ግን ከትምህርት ቤት በተሰናበተ ማግስት ክፍሉን ያሰፋና ከተማውን በሙሉ ያስገባበታል። የሱቅ ታፔላ ደብተር ይሆንለታል፣ የሠርግ ጥሪ የቤት ሥራ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ጥቅስ ደግሞ የወደቀ ፈተና። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ቀይ እስክሪብቶው ከደረት ኪሱ አይወርድም።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ዋናውን የሚያውቀው ግን የሐዋሳ ሰው ነው። ክቡር ቲቸር ሕዝቅያስ ሀሜሶ፣ የሠላሳ አራት ዓመት መምህር፣ የሠላሳ ስምንቱ ግሦች ጠባቂና ባለአደራ፣ የሚኖሩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስማቸውን ያለ «ቲቸር» የጠራ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር እንኳ በጸሎት ሲያነሷቸው «ጌታ ሆይ፣ ቲቸርን አስብ» ነው የሚሉት።

ግሦቹን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ አንዳንድ ግሦች አሉ፤ ዋንት፣ ሆፕ፣ ፕላን፣ ፕሮሚስ፣ ዲሳይድ፣ አግሪ፣ ሪፊዩዝ እያሉ ይቀጥላሉ። ሌላ ግሥ ሊከተላቸው ሲመጣ «ቱ» የምትባል ትንሽ ቃል በር ላይ ቆማ ካላስገባችው አይቀበሉትም። ቲቸር ይህችን ቃል «ዘበኛዋ» ይሏታል። እንደ እርሳቸው ቆጠራ ባለ ዘበኛዎቹ ሠላሳ ስምንት ናቸው። መጽሐፉ ከዚያ በላይ ይላል ብሎ የተከራከራቸው አንድ ወጣት መምህር ነበር፤ «መጽሐፉን ማን አስተማረው?» ብለው አፉን አስያዙት።

ሠላሳ ስምንቱን በመዝሙር ዜማ፣ በጭብጨባ ነበር የሚያስጠኑት። በዚያ ክፍል ያለፈ ሰው ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ስሙን ከመናገሩ በፊት «ዋንት ቱ፣ ሆፕ ቱ፣ ፕላን ቱ» ይላል ይባላል። የትራፊክ ፖሊሱ ታደሰ ምስክር ነው። አንድ ቀን መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ጎንበስ ሲል ከኋላ ወንበር የተቀመጡትን ቲቸርን አየና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዲሳይድ?» አሉት።

«ዲሳይድ ቱ፣ ቲቸር!» አለ ታደሰ ሰላምታ እየሰጠ። ባጃጇም ሳትጠየቅ አለፈች።

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ በር ላይ ትኩስ ዓሣ ለማቅረብ ቃል የሚገባ ትልቅ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ሰቅሎ ነበር፤ ቃሉን ሲገባ ዘበኛዋን ረስቷታል። ቲቸር ቀይ ማርከራቸውን አውጥተው ሊያስገቧት ሲንጠራሩ የሆቴሉ ሰዎች ጥበቃ ጠሩባቸው። ጥበቃው ግን የዘጠና ሁለት ባች ተማሪያቸው ሆነና ወንበር አምጥቶ ደግፎ ያዘላቸው። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ቢቆጣም ነገሩ ሲገባው አፍሮ «ቲቸር፣ ምሳ ልጋብዝዎት» አለ። «አብሮኝ የሚበላ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ነበረበት። ቲቸርም ማርከራቸውን ከድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ከባሕር ማዶ እንግዳ ሰባኪ መጣና እንዲያስተረጉሙ ተጠሩ። ሰባኪው ሞቅ ባለ ድምፅ እግዚአብሔር ሊባርካችሁ ይፈልጋል ሊል ፈልጎ ዘበኛዋን ዘለላት። ቲቸር አልተረጎሙም። ማይኩን ጠጋ አድርገው «ቱ» አሉ። ሰባኪው ያልተሰማ መስሎት ደገመው። ቲቸርም ደገሙ፤ «ቱ!» ጉባኤው መንፈስ የወረደ መስሎት እጁን አንሥቶ «አሜን!» አለ። ሰባኪው በሦስተኛው አስተካክሎ እስኪናገር ድረስ በረከቱ ሳይተረጎም ቆየ። ከዚያን እሑድ ወዲህ ለማስተርጎም የጠራቸው የለም።

ይህን ሁሉ ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ሰኢድ ቤቱን አይከራይም ነበር።

ሰኢድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በከተማው ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኖ ሲቀጠር ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው አልነበረም። አፈር ደግሞ ወሬ አያወራም። ደላላው ወደ ቲቸር ግቢ ሲወስደው ጥላ ያለው ዛፍና ንጹሕ ክፍል አየና ደስ አለው። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ዋናው ቤት ውስጥ ቲቸር፤ ባለቤታቸው ጸሐይወርቅ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጃቸው ብርቅዬ ጅማ ተድራ በየእሑዱ ትደውላለች። መንገድ ዳር ባለው ክፍል ሱቅ የከፈተችው እትዬ እታፈራሁ። ከጓሮ በኩል ደግሞ ሰኢድ።

በመጀመሪያው ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ የቲቸር ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

«ሰኢድ! ዛሬ ምን አቀድክ?»

«ሥራ ልሄድ ነው፣ ቲቸር።»

«በእንግሊዝኛ።»

«አይ ፕላን… ጎ ኦፊስ።»

«ዘበኛዋስ?»

«አይ ፕላን ቱ ጎ።»

«ሂድ። ተባረክ።»

ጨዋታ መስሎት ሳቀ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሳምንቱም፣ በወሩም፣ በዓመቱም። አንድ ሰሞን የበረንዳውን በር ላለማለፍ በጓሮ አጥር ዘልሎ ሊወጣ ሞከረ፤ ከአጥሩ ማዶ ሲወርድ ቲቸር የጠዋት እግር ጉዞአቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ተገናኙ። «ዛሬ ምን አቀድክ?» አሉት፣ የተቀደደ ሱሪውን አይተው እንዳላዩ ሆነው።

ይህን ሁሉ ችሎት ነበር። ያልቻለው የፌቨንን ነው። ፌቨን እዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ልጅ ናት፤ አራት ወር አስቦ አስቦ አንድ ማታ ደወለላት። ወሬው ጥሩ ሄደ። ሊሰናበታት ሲል እንግሊዝኛ ጣል ቢያደርግበት ያምርለት መሰለውና «አይ ፕሮሚስ ኮል ዩ ቱሞሮው» አለ። ከግድግዳው ማዶ «ዘበኛዋስ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው እሱ?» አለች ፌቨን።

ሰኢድ ማስረዳት ሞከረ። ስለ ዘበኛ ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ፌቨን ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳችም።

በማግስቱ ደላላ ዘንድ ሄደ። የሥራ ባልደረባው እዮኤል መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት አግኝቶ ተጋሪ ይፈልግ ነበርና ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ በጾም ዕቃ ከማንሣት ብሎ ከዒድ በማግስቱ ሊገባ ተስማማ። ለቲቸር ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያለ ቀናት አለፉ። በአፈር ናሙና መካከል ተቀምጦ ንግግሩን ይለማመዳል፤ በረንዳው ጋ ሲደርስ ግን ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ሰውየውን ፈርቷቸው አይደለም። አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው የሚጠይቁትን ብቸኛ ጥያቄ መቀማት ከበደው።

ረመዳን ገባ። በዚያው ሰሞን ሁዳዴም ነበር፤ እትዬ እታፈራሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ግቢው ውስጥ በእኩለ ቀን ምሳ የተፈቀደለት ሰው ከጴንጤው ቲቸር በስተቀር አልነበረም።

ቤቱ ሲሆን ሰኢድ በማፍጠሪያ ሰዓት እናቱ ሳምቡሳ ሲጠብሱ፣ ታናናሾቹ በተምር ሲጣሉ ነበር የሚያውቀው። እዚህ ግን መስጊዱ የባጃጅ መንገድ ነው፣ አብሮት ያፈጥር የነበረው የደሴ ልጅም ባለፈው ዓመት ተዛውሮ ሄዷል። በመጀመሪያው ቀን ብቻውን በአልጋው ጫፍ ተቀምጦ በሦስት ተምርና በቀዝቃዛ ሾርባ ጾሙን ፈታ። ግድግዳውን እያየ በላና ግድግዳውን እያየ ጨረሰ።

በሁለተኛው ቀን አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ አዛኑ ከስልኩ ሲሰማና ተምሩን ወደ አፉ ሲያደርግ በሩ ተንኳኳ። ቲቸር በሁለት እጃቸው በሌላ ሳህን የተከደነ ትሪ ይዘው ቆመዋል።

«አትፍራ፣ ዓሣ ነው» አሉ ሳይጋበዙ እየገቡ። «ዓሣ እንደ በግ የማን እጅ አረደህ አይባልም። አንተም ትበላዋለህ፣ እኔም እበላዋለሁ። የሐዋሳን ሰው እግዚአብሔር ያሰበው በዚህ ነው።»

ክዳኑ ሲነሣ ቆረሶ የሚሉት የሐይቁ ዓሣ ተጠብሶ፣ ከጎኑ ቆጮና የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ነበር። ሰኢድ አፉ ውስጥ ያለውን ተምር ሳይውጥ «አይ ዋንት…» ብሎ ጀምሮ ራሱን ያዘ። ቲቸር ቅንድባቸውን አንሥተው ጠበቁ። «ቱ ኢት» አለ እጅ ሰጥቶ። «እንብላ» አሉ ቲቸር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ መጡ። አዛኑና ማንኳኳቱ እኩል ነበር የሚሰማው። ሰኢድ በልቡ ይማረር ነበር፤ ሰው ሲጾም ውሎ አንዲት ጉንጭ ውሃ በሰላም እንኳ እንዳይጠጣ! ደግሞ አበላላቸው አስገረመው። ቀኑን ሙሉ የጾመው እርሱ፣ ሳህኑን የሚጠርጉት እርሳቸው። ጣታቸው ይቸኩላል፣ አጥንቱን ይግጣሉ፣ ከዚያ ደገፍ ይሉና በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው።

«ዘንድሮ ወሩ ሃያ ዘጠኝ ቀን ነው ወይስ ሠላሳ?»

«ጨረቃዋ ናት የምታውቀው፣ ቲቸር።»

«ሠላሳ የመሆን ዕድሉ እንዴት ነው?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ዝም ብዬ ነው» ይሉና ትሪውን አንሥተው ይወጣሉ።

በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው ምሽት፣ ከምግብ በኋላ አልተነሡም። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ሠላሳ ስምንቱ ማውራት ጀመሩ። ሰኢድ ሌላ ፈተና መጣ ብሎ ተዘጋጀ።

«ልብ ብለህ እያቸው» አሉ። «መፈለግ፣ ተስፋ ማድረግ፣ ማቀድ፣ ቃል መግባት፣ መወሰን። ሁሉም ገና ያልሆነ ነገር ነው የሚያስከትሉት። የልጅ ግሦች ናቸው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች መካከል ስቆም በቀን መቶ ጊዜ እሰማቸው ነበር። አሁን ጠዋት እነሣለሁ፤ ምን አቀድክ የሚለኝ ሰው የለም። ቢኖርም የምመልሰው የለኝም። ጸሐይወርቅ ሳለች «ዛሬ ጎመኑን ትኮተኩታለህ» ትለኝ ነበር፣ እቅዴ እሱ ነበር። ለዚህ ነው አንተን ጠዋት ጠዋት የማስቸግርህ። አንዱ ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ሲናገር ስሰማ ቀኑ ይጀምርልኛል።»

ሰኢድ «ሻይ ልቅዳልዎት?» አለ። ቀዳላቸው። የቤቱን ነገር ያን ማታ ሊነግራቸው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይነግራቸው ቀረ።

ዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰኢድ የግማሽ ቀን ሥራውን ጨርሶ ሰባት ሰዓት ላይ ከባጃጅ ሲወርድ እትዬ እታፈራሁ ሱቋን ክፍት ትታ መንገድ ላይ ቆማ አገኛት።

«አንተ ልጅ፣ ድረስልኝ! ቲቸር ምን እንደሆኑ እንጃ!»

በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሰኢድን ዐይተው ሌላ ስም ጠሩት። ስኳር እንዳለባቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ጠዋት ጠዋት ኪኒን ይውጣሉ። እታፈራሁ ስኳር በውሃ በጥብጣ እየሮጠች መጣች። ሰኢድ አንገታቸውን ደግፎ፣ ልክ እንደ ሕፃን በትንሽ በትንሹ አጠጣቸው። እጁ ላይ የነበረው ጭንቅላት ቀላል ሆኖ ተሰማው፤ ይህን ያህል መክሳታቸውን በየማታው ፊት ለፊት ተቀምጦ አላስተዋለም ነበር። ትንሽ ሲመለስላቸው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

ነርሷ ሐዳሳም ተማሪያቸው ነበረች። ጣታቸውን ወግታ ቁጥሩን አየችና ደነገጠች።

«ቲቸር፣ ምሳ በልተዋል?»

«አይ ፕላን ቱ» አሉ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው።

«ትናንትስ?»

«አይ ፕላንድ ቱ።»

ሐዳሳ ሳቀችም ተቆጣችም። ይህን ኪኒን እየዋጡ እስከ ማታ ባዶ ሆድ መዋል በሕይወት መጫወት እንደሆነ ነገረቻቸው፣ ከዚያ ወደ ሰኢድ ዞራ «ልጃቸው ነህ? ምን እየሠራህ ነው?» አለችው። ሰኢድ ልጃቸው አይደለሁም ለማለት አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ግቢ ሲመለሱ ጠረጠረና እታፈራሁን ሱቋ በር ላይ ለብቻዋ ጠየቃት። እርሷም የምታውቀውን ነገረችው።

«እኔ ምን አውቄ! ለምሳ ሁለት ዳቦ ከኔ ይወስዱ ነበር። ያንተ ጾም ከገባ ጀምሮ መውሰድ አቆሙ። ለራሴ የሠራሁትን ሽሮ ቀንሼ ብወስድላቸውም መለሱልኝ። «ማታ ከሰኢድ ጋር ነው የምበላው» አሉኝ። ማታ ማታማ ይበላሉ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ይውላሉ ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ሰኢድ ደሙ ፈላ። በረንዳው ላይ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው አያውቅም ነበር።

«እርስዎ ጴንጤ ነዎት! ረመዳን ምን አገባዎት? ማን ጹሙ አለዎት?»

ቲቸር ቀና ብለው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም፤ ያፈሩ ነው የሚመስሉት።

«አልጾምኩም» አሉ። «ጠበቅሁህ።»

ሰኢድ ቁጣው ከእጁ አመለጠው። በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ምሳ ለኔ ከባድ ነው» አሉ ቲቸር ቀስ ብለው። «አራት ዓመት ብቻዬን በላሁት። ሳህኑን አስቀምጣለሁ፣ እጸልያለሁ፣ አሜን የሚል የለም። ከዚያ እንደ ኪኒኑ እውጠዋለሁ። በዚህ ወር ደግሞ እታፈራሁም አትበላ፣ አንተም አትበላ። ግቢው አፉን ዘግቶ እኔ ብቻ ሳላምጥ የራሴን ማኘክ ሰማሁት። ከዚያ አሰብኩ፤ ማታ አንድ ሰው ርቦት ይቀመጣል። ርቦኝ ብቀመጥ ከርሱ ጋር እኩል እሆናለሁ። ያኔ ምግብ ምግብ ይሆናል።»

«ነግረውኝ ቢሆን…»

«ምን ብዬ? ብቻዬን መብላት ፈራሁ ብዬ? ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው።» በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ደግሞ ቢበዛ ሠላሳ ማታ ነው ብዬ ነበር። ጨረቃዋ ከቸኮለች ሃያ ዘጠኝ። ያን ያህል ይቻላል።»

ሰኢድ ቀና አለ።

«ደላላው ተማሪዬ ነው» አሉ ቲቸር፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «የሰባ ዘጠኝ ባች። በነገርከው ቀን ማታ ነው የነገረኝ። ቅር አይበልህ፣ እርሱም ለኔ አዝኖ ነው።»

እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር ነገሩ ሁሉ። ሰኢድ በየምሽቱ የሚደብቀውን ሰውየው በየምሽቱ እያወቁ ዓሣ ይዘውለት ሲመጡ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ነው ሠላሳ እያሉ ሲጠይቁ አንድ ምሽት እንዲጨመርላቸው ነበር የሚመኙት፤ ሰው ሁሉ ዒድ ቶሎ እንዲመጣ ጨረቃ ሲፈልግ እርሳቸው ደመና ይፈልጉ ነበር።

ሰኢድ አፈረ። ይህንንም ለራሱ ደብቆት እንደቆየ ገባው፤ እርሱም እኮ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰዓቱን የሚያየው ለተምሩ አልነበረም። አንድ ምሽት ቲቸር አምስት ደቂቃ ቢዘገዩ ተምሩን በእጁ ይዞ በሩን ሲያይ ቆይቷል። በዚህ ከተማ ውስጥ ዛሬ ምን አቀድክ ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነበረው? እናቱ እንኳ በስልክ በላህ ወይ ነው የሚሉት። ይህን ሁሉ ሳይናገር «ይረፉ፣ ቲቸር» ብሎ ተነሣ።

እሑድ ቲቸር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ወጥቷል። ሰኢድ ጠዋት በባጃጅ ወርዶ ከሐይቁ ዳር ያመጣውን ዓሣ እታፈራሁ ጠብሳዋለች፤ በሁዳዴ ዓሣ የማትነካው ጾመኛ ላለመቅመስ ጨው የለካችው በዐይኗ ነው። ሰኢድ አንድ ሳህን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ራሱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እታፈራሁም ዱካዋን ይዛ መጥታ ከጎን ተቀመጠች።

ቲቸር ቆሙ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ምሳዎ ነው። ከነገ ጀምሮ እኔ በምሳ ሰዓት መጥቼ እዚህ እቀመጣለሁ። እትዬም አለች።»

«በሁለት ጾመኛ ፊት ነው የምበላው? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ጸሎቱን ይበሉ፣ እኛ አሜን እንላለን» አለች እታፈራሁ። «ዓሣው እንዳይቀዘቅዝ።»

ቲቸር ተቀመጡ። ጸለዩ፣ ከወትሮው ረዘም አድርገው። አንዲት ኦርቶዶክስና አንድ ሙስሊም እኩል «አሜን» አሉ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው አጥሩን አሻግሮ ቢያይ አንድ ሽማግሌ ሲበላ ሁለት ሰዎች አፋቸውን ዘግተው ከበውት ሲጠብቁ አይቶ ምን እንደሚያስብ እንጃ።

መጀመሪያ ላይ መዋጥ ከበዳቸው። ከዚያ ሰኢድ ስለ አፈር ናሙናው ያወራቸው ጀመር፤ ያን ጊዜ የጓሮው አጥር ስለቀደደበት ሱሪም፣ ስለ ፌቨንም ሳይቀር። ቲቸር የፌቨንን ሲሰሙ ደንግጠው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ ቁጥሯን ስጠኝ፣ እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አሉ። እባክዎን አይደውሉ ብሎ ለመናቸው። እታፈራሁ እየሳቀች ከዱካዋ ልትወድቅ ነበር። ቲቸርም እየሳቁ፣ ሳያስቡት፣ ከዓሣው ወፍራም ወፍራሙን ለይተው በቆጮ ጠቅልለው ጉርሻ አዘጋጁና ወደ ሰኢድ አፍ ዘረጉ።

እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ሰኢድን አዩ፣ እታፈራሁን አዩ። በዚያ ግቢ ጉርሻዋን የሚቀበል አፍ አልነበረም።

«ረሳሁት» አሉ በትንሽ ድምፅ።

«ያስቀምጡልኝ» አለ ሰኢድ።

«እስከ ማታ?»

«እስከ ማታ። ከዒድም በኋላ።» አለ ሰኢድ። «እዮኤልን ቤቱን ለሌላ ስጠው ብዬዋለሁ።»

ቲቸር እጃቸውን መለሱና ጉርሻዋን ራሳቸው ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሦስቱም ከዚያ አልተነሡም።